ዓይን የደረሰበት ድረስ

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ መሪ ለጨበጣችሁ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌላችሁም ግን ሬዲዮናችሁን አትዝጉ፤ ቆየት ብለን ለተሳፋሪም ለባለንብረትም የምንለው አለን።

ሐምሌ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ሰው ይዟል። ታክሲ ቀድሞ ለመያዝ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም የወጣ ሠራተኛ አለ። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ካፖርቱን እንደደረበ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጥበቃ አለ። አካፋውን በትከሻው ይዞ ወደ ሕንፃ ሥራ የሚገሰግስ የቀን ሠራተኛ፣ ሱብሒ ሰግዶ ከመስጊድ የሚመለስ አባት አለ። የወሩ 19ኛ ቀን ሲሆን ደግሞ ወደ ጎፋ ገብርኤል የሚተመው ምእመን ጎዳናውን ይሞላዋል። በደረቅ ወቅት የነጠላው ንጣት ለነጂ ዓይን ትልቅ ውለታ ነው። ዝናብ ሲሆን ግን ከነጠላው በላይ ጥቁር ጃኬት ይደረባል፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ነጩ ከጉልበት በታች ትንሽ ብቻ ይቀራል።

በዚያው ሰዓት የቀለበት መንገዱ ገና አልተጨናነቀም። ከሳሪስ አቦ በሀና ማርያም በኩል ወደ ጀርመን አደባባይ ለሚነዳ ሰው ፊቱ ያለው አስፋልት ሰፊና ባዶ ይመስላል። ቀን ቀን መጨናነቁ ራሱ ፍጥነታችንን ይይዝልናል፤ ንጋት ላይ የሚይዘን የለም። የምናየው ከቀኑ በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ሳለ የምንነዳው ከቀኑ ይበልጥ ፈጥነን ነው። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

አደጋ ከደረሰ በኋላ ከነጂው አፍ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ድንገት ገባብኝ።» ይህን የሚለው ሰው እየዋሸ ነው አንልም። በእርግጥም ለእሱ የታየው ድንገት ነው። እስቲ ግን ነገሩን ከእግረኛው በኩል እንየው። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በእግሩ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይራመዳል። ሁለት ረድፍ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ለማቋረጥ አምስት ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል፤ እናት ልጅ አዝላ ከሆነ፣ ወይም አዛውንት በምርኩዝ ከሆኑ፣ ከዚያም በላይ። ስለዚህ መሀል መንገድ ላይ የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመገጨቱ በፊት ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ አስፋልቱ ላይ ነበረ። ነበረ፤ ነጂው ግን አላየውም። ያላየውም ሊያይ ከሚችልበት ርቀት በላይ በሆነ ፍጥነት ስለመጣ ነው።

መንገድ ዳር በተተከለው ምልክት ላይ የምናነበው ቁጥር ጣሪያ ነው። መንገዱ ሲደርቅ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ዓይን ሩቅ ሲያይ ከዚያ አትለፉ ይላል እንጂ በማንኛውም ሰዓት ይህን ያህል ንዱ አይልም። ለዚያ ሰዓት፣ ለዚያ ዝናብ፣ ለዚያ ጨለማ የሚሆነውን ፍጥነት የሚወስነው ነጂው ነው፤ ልኩም ዓይኑ የደረሰበት ርቀት ነው። በምታዩት ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻላችሁ ምልክቱ የፈለገውን ይበል፣ ፍጥነታችሁ በዝቷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ቀስ ብለን ስለምንሄድ ተከተሉን።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዓይን አንድ ነገር ካየበት ቅጽበት አንሥቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያልፋል። ለደከመ፣ ሌሊቱን ሲሠራ ላደረ ወይም ስልኩን ለሚያይ ሰው ከዚህ ይረዝማል። በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ መኪናው 25 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በእርጥብ አስፋልት ደግሞ 35 ሜትር ያህል፤ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ከዚያም ይበልጣል። በዝናብ ድምሩ 60 ሜትር ሆነ ማለት ነው።

የመንገድ መብራት በጠፋበት ቦታ፣ በአጭር መብራት የሚነዳ ሰው ጥቁር የለበሰን እግረኛ የሚለየው ብዙ ጊዜ 30 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ነው። 60 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ያለው 30 ነው። ሰውየውን ሲያየው 25ቱን ሜትር ፍሬን ሳይዝ ይጨርሳል፤ ለፍሬን የቀረችው 5 ሜትር ብቻ ናት። በዚህች 5 ሜትር መኪናው የሚቀንሰው ከ60 ወደ 55 ነው። በሙሉ ፍጥነት ገጨው ማለት እንችላለን።

ያው ነጂ፣ ያው መኪና፣ ያው ዝናብ፣ ያው እግረኛ ይሁን፤ ፍጥነቱን ብቻ 40 እናድርገው። አሁን እግሩ ፍሬን እስኪደርስ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለፍሬን 13 ሜትር ይቀረዋል። እግረኛው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ወርዷል። ሰውየው ይወድቃል፣ ሊሰበርም ይችላል፤ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ግን ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። አሁንም 5 ኪሎ ሜትር ብቻ እንቀንስና 35 እናድርገው። መኪናው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው ቆመ። እግረኛው ደንግጦ ነጂውን ይሰድበው ይሆናል፤ ከዚያ ይሻገርና ሥራው ይሄዳል።

በ60 እና በ35 መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ደግሞ እንቁጠረው። ከሀና ማርያም ጀርመን አደባባይ ድረስ ባለው ዓይነት አጭር ርቀት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ብንል፣ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህችን ደቂቃ ደግሞ አደባባዩ ላይ ባለው ሰልፍ መልሰን እንጨርሳታለን።

እነዚህ ቁጥሮች ለቤት መኪና የተሰሉ ናቸው። አሸዋ የጫነ ሲኖ፣ ሰው ጢም ያለበት ሀይገር ወይም ቅጥቅጥ የምትነዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለእናንተ ርቀቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ የእናንተ ፍጥነት ከዚህም ዝቅ ማለት አለበት።

«ታዲያ ከመሪው ፊት ሆኜ ሜትር የምለካው በምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሜትር መለካት አያስፈልግም፤ ሰከንድ መቁጠር ይበቃል። ጭጋግ ውስጥ ወይም ከባድ ዝናብ ውስጥ ስትነዱ የመብራት ምሰሶ፣ የቆመ መኪና፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ብቻ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ከግራጫው ውስጥ ብቅ ሲል መቁጠር ጀምሩ። «ሺህ አንድ፣ ሺህ ሁለት፣ ሺህ ሦስት» እያላችሁ፣ አጠገቡ እስክትደርሱ። አምስት ሳትሞሉ ከደረሳችሁ ከዓይናችሁ በላይ እየነዳችሁ ነውና እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ። ጥቂት ሂዱና እንደገና ቁጠሩ። ጭጋግ እንደ መጋረጃ አንድ ዓይነት ሆኖ አይዘረጋም፤ ወንዝ ያለበት ዝቅታ ላይ ይተኛል፣ ዳገቱ ላይ ይሳሳል። አንድ ጊዜ ቆጥራችሁ የምትተዉት ነገር አይደለም።

ጭጋግ ውስጥ ሌላም አታላይ ነገር አለ። ዙሪያው ሲደበዝዝ ዓይን ፍጥነትን አሳንሶ ሊገምት እንደሚችል በአንዳንድ ሙከራዎች ታይቷል። ነጂው በ40 የሚሄድ እየመሰለው በ55 ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ስሜታችሁን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን እመኑ። ረጅም መብራትም አታብሩ፤ የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን መልሰው ዓይናችሁ ላይ ይረጩታልና የምታዩት ነጭ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። አጭር መብራት፣ ካለም ዝቅ ብሎ የተገጠመው የጉም መብራት ይሻላል።

የደሴ መስመር ሹፌሮች ይህን በደንብ ያውቁታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የጣርማ በር ዋሻ አለ። እዚያ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው የከባድ መኪና የኋላ መብራት እንኳ ይጠፋል። የቱንም ያህል ቸኩያለሁ የሚል ሹፌር እዚያ ላይ በኤሊ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ መስኮት ዝቅ አድርጎ የመንገዱን ጠርዝ እየተመለከተ የሚያልፍም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገደሉ የራሱ ሞት ነው። ያው ሹፌር አዲስ አበባ ገብቶ ለቡ ላይ ያው ዓይነት ጉም ሲያጋጥመው ግን አይቀንስም። እዚህ ገደል የለም። እዚህ ቢሳሳት የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ይህን በግልጽ መናገር አለብን፤ በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ለኢትዮጵያ የገመተው ከ100 ሺህ ሰው በዓመት 26.7 ሟች ነው። የመኪናው ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ በጣም ከባድ ቁጥር ነው።

ዓይን የሚጋረደው በሰማዩ ምክንያት ብቻ አይደለም። ብዙውን መጋረጃ የምንሠራው እኛው ነን።

የሚኒባስ ታክሲ የፊት መስታወትን እስቲ ነገ ስትሳፈሩ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከላይ ዘርፍ ያለው ጨርቅ ይዞረዋል። መሀል ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በቀኝ በኩል የእግር ኳስ ክለብ ስቲከር፣ ከሥር የቦሎው ወረቀት፣ ከዚያ አለፍ ሲል ከጠጠር የተሰነጠቀ መስመር። የቀረው ክፍት ቦታ ላይ የዝናብ መጥረጊያው ጎማው አልቆ ውኃውን ከመጥረግ ይልቅ ይለቀልቀዋል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ደግሞ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ ይተነፍሳል፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። መስታወቱ በእስትንፋስ ይሸፈናል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው በጨርቅ ክብ ቀዳዳ እያበጀ፣ በዚያች ቀዳዳ መንገዱን እያየ ይነዳል። ከፊት ለፊት ካልሆነ በቀር ከጎን የሚመጣን ልጅ የሚያይበት መንገድ የለውም።

ረዳቱ መስኮት ልክፈት ሲል ከኋላ ድምፅ ይነሣል፦ «ልጄ፣ ዝጋው እንጂ! ብርድ መታን እኮ!» እዚህ ላይ ረዳቶች መልሳችሁን አዘጋጁ፦ «እማማ፣ ሹፌሩ መንገዱ እንዲታየው ነው፤ ጥቂት ትከፈት» በሏቸው። ተሳፋሪዎችም ተባበሩ። የሁለት ጣት ክፍተት ከፊትና ከኋላ ከተተወ መስታወቱ በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። የሚሠራ ማናፈሻ ያላችሁ ነጂዎች አየሩን ወደ ፊት መስታወቱ አዙሩት፤ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ቶሎ ያደርቀዋል። ይህ ሁሉ የማይሆን ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ መስታወቱን ከውስጥ በደንብ ጥረጉ፣ ከዚያ ተነሡ።

ባለንብረቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የመጥረጊያ ጎማ የሚቀየረው ለቦሎ ምርመራ ሰሞን ብቻ መሆን የለበትም። ሹፌሩ የቀን ገቢ ሲያስረክባችሁ «መብራቱስ? መጥረጊያውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 2081ኛው ቁጥር የመኪና ባለቤትን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ «እኔ አልነዳሁም» ማለት አያድንም። ዝናብ የጣለ ቀን የታክሲ ምልልስ ይቀንሳል፤ ቢያንስ በዚያ ቀን ያንኑ ገቢ አምጣ ብሎ ሹፌርን ማስጨነቅ እግሩን ነዳጅ ላይ እንዲያከብድ መግፋት ነው።

ቀን በፀሐይ የሚገጥመን ትልቁ መጋረጃ ደግሞ የቆመ መኪና ነው። ጀሞ አንድ ላይ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሊያወርድ ዜብራው አጠገብ ቆሟል። ከኋላው የምትመጡት እናንተ የምታዩት የአውቶቡሱን ጀርባ ነው። የወረደው ተማሪ ግን በአውቶቡሱ አፍንጫ በኩል ዞሮ ሊሻገር እርምጃ ጀምሯል። እናንተ በዚያ በኩል ያላችሁ የእይታ ርቀት ሁለትና ሦስት ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነታችሁም በሁለትና በሦስት ሜትር ውስጥ የሚቆም፣ የሰው እርምጃ ያህል መሆን አለበት። ዜብራ ላይ የቆመን መኪና መቅደም ክልክል ነው፤ የተከለከለበት ምክንያትም ይኸው ነው። መኪናው የቆመው ለምን እንደሆነ እስክታውቁ ድረስ ለሰው ነው የቆመው ብላችሁ አስቡ።

አሁን አሁን የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ጭሱ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ አነሣሡም ፈጣን ነው። እግረኛ መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ነው፤ ዓይነ ስውር የሆኑ ወገኖቻችን ደግሞ በዋናነት የሚተማመኑት በጆሯቸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ነጂ ይህንን ከሒሳቡ ማስገባት አለበት።

ስለ መብራት አንድ ነገር እንጨምር። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ጎዳናዎች መብራታቸው ደማቅ ነው። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ስትታጠፉ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲለቅባችሁም እንዲሁ ነው፤ ካለፈ በኋላ እንኳ ለጥቂት ሰከንዶች ጥቁር ነው። ሦስት ሰከንድ ብንል፣ በ60 ለሚሄድ ሰው 50 ሜትር በጭፍን ተነዳ ማለት ነው። ብዙ ሰው ተናዶ የራሱን ረጅም መብራት በአጸፋ ያበራል፤ ያን ጊዜ የታወሩት ሁለት ነጂዎች ይሆናሉ። ፍጥነት ቀንሱ፣ ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አውርዱ፣ እስኪያልፍ ታገሡ። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ሲጠራ ከአየር ጤና ወደ ሳሪስ አቅጣጫ የምትነዱም ፀሐይን ፊት ለፊት ትቀበላላችሁ፤ ከዝናብ በኋላ እርጥቡ አስፋልት ራሱ ያንጸባርቃል። የፀሐይ መከላከያውን ማውረድ ብቻውን አይበቃም፤ እግርም ይውረድ።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት 13ኛ አንቀጹ ላይ ነጂ ፍጥነቱን ከመንገዱ፣ ከአየሩ፣ ከጭነቱና ከትራፊኩ ብዛት ጋር አስማምቶ፣ ወደ ፊት በሚታየው ርቀት ውስጥ መቆም እንዲችል ያዛል። የእኛው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ543ኛ አንቀጹ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ከሌላው ከበድ ባለ ቅጣት ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ያነሣቸውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። የሕጉ አርቃቂዎች ሹፌርን ከሐኪም ጎን ማስቀመጣቸው ለእኔ ትክክል ነው። በሁለቱም እጅ በየቀኑ የሰው ነፍስ ይገባል።

እግረኞች፣ እናንተንም አንዘነጋም። የቀለበት መንገዱን የመሀል ግንብ ዘላችሁ የምትሻገሩት መሻገሪያ ድልድዩ ስለሚርቃችሁ እንደሆነ እናውቃለን፤ በጨለማና በዝናብ ግን ነጂው ጨርሶ ላያያችሁ ይችላል። ቢቻል ድልድዩን ተጠቀሙ፣ ነጣ ያለ ነገር ልበሱ፣ የስልካችሁን መብራት ወደ መሬት አብርታችሁ ያዙ። ይህን ስንል ግን የነጂው ኃላፊነት ይቀንሳል ማለታችን አይደለም። ከአንድ ቶን የሚበልጥ ብረት የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ከመሰናበታችን በፊት የተበላሸ መኪናን ነገር እናንሣ። መኪናችሁ ማታ መንገድ ላይ ቢቆምባችሁ በተቻለ መጠን ከአስፋልቱ ግፉት። የአደጋ ጊዜ መብራቱን አብሩ፤ ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ምልክት ከኋላችሁ በቂ ርቀት ላይ አስቀምጡ፣ በዝናብ ከሆነ ከ60 ሜትር ባላነሰ። ምልክቱ የሌላቸው ብዙዎች ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ቅጠል ይጥላሉ። ቅጠሉ ባይከፋም ድንጋይ በጨለማ አይታይም። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ደግሞ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ይወጣበታል። ድንጋይ የደረደራችሁ ካላችሁ ሳትነሡ በፊት ከመንገዱ አውጡት፤ የሌላ ሰው ድንጋይ ያያችሁም ዳር መያዝ ከቻላችሁ ቆም ብላችሁ ጣሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የጎማ ጥርስን እና የጎማ አየርን ጉዳይ ይዘን እንቀርባለን።